የፍሬን ዘይት መቼና ለምን ይቀየራል? ዓባይ በረሃን ከመውረድዎ በፊት የሚሠራ ሥራ

«የፍሬን ዘይቱ አልጎደለም፣ ፍሬኑም ይይዛል፤ ታዲያ ለምን ይቀየራል?» ባሕር ዳር ውስጥ መኪና ካላቸው ሰዎች ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መልሱን እናስቀድም፦ በየ2 ዓመቱ ወይም በየ40,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው ይቀየራል። የመኪናዎ መጽሐፍ ሌላ ጊዜ ከጻፈ መጽሐፉን ይከተሉ። ያገለገለ መኪና ገዝተው መቼ እንደተቀየረ የሚነግርዎ ከጠፋ፣ አልተቀየረም ብለው ይነሱ። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ የከረመ መኪናም አያመልጥም፤ ይህ ዘይት ቆሞም ያረጃል።

ለምን ያረጃል?

ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ ዘይት አይደለም። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት ከግላይኮል የሚሠሩ ፈሳሾች ናቸው። ከውሃ ጋር ይዋሃዳሉ፣ ከአየርም እርጥበት ይስባሉ። በነሐሴ ክዳኑ ሳይገጠም ያደረ የጨው ዕቃ ጠዋት ላይ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ የፍሬን ዘይትም ጠባዩ እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ ለዓይን አለመታየቱ ነው። እርጥበቱ ዘይቱ በሚቀመጥበት ማጠራቀሚያ ክዳን መተንፈሻ ይገባል፤ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ በሚያደርሱት የጎማ ቱቦዎች ግድግዳ በኩልም ቀስ እያለ ይሰርጋል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ የማያውቅ መኪናም ውሃ ያጠራቅማል።

ውሃው ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛው ዝገት ነው፦ የማስተሩን (የፔዳሉን ኃይል ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈውን ፓምፕ) እና የካሊፐሩን (ጎማው ጋ ፍሬኑን የሚጨብጠውን) ውስጥ ይበላል፣ የተበላው ቦታ ደግሞ ጎሚኒውን (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ጎማ) ይቆርጣል። ሁለተኛውና አደገኛው የመፍያ ነጥቡ መውረድ ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 አዲስ ሲሆን 230፣ ውሃ ሲገባበት 155 ነው። ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፣ የእግርዎን ኃይል ሳይቀንስ ጎማው ድረስ ያደርሳል። እንፋሎት ግን ይታመቃል። ፔዳሉን ሲረግጡ የሚጫኑት አረፋውን ብቻ ይሆናል፣ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል፣ መኪናው ግን መንገዱን ይቀጥላል።

ባሕር ዳር ይህንን ችግር የምትደብቅ ከተማ ናት። ሜዳ ናት። ከዘንዘልማ እስከ ሰባታሚት ቀኑን ሙሉ ቢመላለሱ ፍሬኑ ዘይት እስኪያፈላ የሚሞቅበት ቁልቁል አያገኙም፤ አምስት ዓመት ያለፈው ዘይትም ከተማ ውስጥ ያለ ችግር ይሠራል። ፈተናው ያለው ደጀን ላይ ነው። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ባለው ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ያውም ከጭነት መኪና ኋላ ፍሬን እየያዙ። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርዱም፣ ረዘም ብሎ ይሁን እንጂ፣ ነገሩ አንድ ነው። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፔዳሉ ይመለሳል። መካኒክ ዘንድ ሲደርሱ ምንም አይገኝበትም፣ «ደህና ነው» ተብለው ይመለሳሉ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ካለ ምክንያቱን የሚለየው እግርዎ ነው። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ የጋለው የፍሬን ሸራው ወይም ፓዱ (መኪናውን ለማቆም የሚፋተገው ክፍል) ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከሄደ ዘይቱ ፈልቷል፣ አየር ገብቷል ወይም ዘይት እየፈሰሰ ነው።

ጊዜው ሳይደርስ የሚቀየረው መቼ ነው?

ካሊፐር፣ የጎማ ቱቦ ወይም ማስተር ከተቀየረ፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ደለል ወይም ጥቁር ዝቃጭ ከታየ፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቁልቁለት ላይ ከለሰለሰ፤ ወይም ሰው በስህተት ሌላ ነገር ከጨመረበት። መልኩ ብቻውን አይፈርድም። የጠቆረ ዘይት ማርጀቱ እርግጥ ነው፣ የነጣው ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ውሃ ቀለም የለውም። የእርጥበት መለኪያ እስክሪብቶ ካገኙ ይጠቀሙበት፣ 3 በመቶ ካሳየ ይቀይሩ። መለኪያው የሚያየው ግን ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ነው፤ ካሊፐሩ አጠገብ ያለው ብዙ ጊዜ ከዚያ የባሰ ውሃ አለበት። ስለዚህ መለኪያው «ጥሩ ነው» ቢልም ሁለት ዓመት ካለፈ መቀየር ነው።

የጎደለ ዘይት ሌላ ጉዳይ ነው። ፓድ እየሳሳ ሲሄድ ዘይቱ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ፓዱን ሳያዩ እስከ ላይ ከሞሉት፣ አዲስ ፓድ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይገፋና ዘይቱ ገንፍሎ ቀለምዎን ይልጣል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከጎደለ ግን የሚያፈስ ቦታ አለ፤ መጀመሪያ እሱን ይፈልጉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• አዲስ፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት 1 ሊትር (ለቤት መኪና ይበቃል፣ ጥቂት ይተርፋል)
• ለማስተንፈሻው ቡሎን የሚሆን ዙሪያውን የሚይዝ ቀለበት ቁልፍ፤ አብዛኛውን ጊዜ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ አልፎ አልፎ 11
• ውስጡ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውጭ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ፣ 60 ሳንቲ ሜትር
• ባዶ ሃይላንድ፣ ክዳኑ ላይ ቱቦው የሚያልፍበት ቀዳዳ የተበሳለት
• መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ
• ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ የብረት መደገፊያ፣ ጎማ የሚያግዱበት ድንጋይ ወይም እንጨት
• ለፔዳሉ ሥር የሚሆን 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው እንጨት
• ጓንት፣ መነጽር፣ ክር የማይተው ጨርቅ፣ አንድ ባልዲ ውሃ
• ፔዳል የሚረግጥ ሰው

የዘይቱን ዓይነት የማጠራቀሚያው ክዳን ይነግርዎታል። ብዙዎቹ ቶዮታዎች ዶት 3 ይላሉ። ዶት 3 በሚል መኪና ዶት 4 መጨመር ይቻላል፤ ዶት 4 በሚል ግን ዶት 3 አይጨመርም። ዶት 5 የሚለውን ከ5.1 ጋር አያምታቱት። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከሌሎቹ ጋር አይዋሃድም፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ላለው መኪናም አይሆንም።

ከመለዋወጫ ሱቅ ሲገዙ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ ያልተነካ መሆኑን ይዩ። አምና ተከፍቶ የተረፈ ጠርሙስ ክዳኑ ቢጠብቅም አይሆንም፤ ሁለት ክረምት ያየ ዘይት መግዛት አሮጌውን በአሮጌ መተካት ነው። ማጠራቀሚያዎ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ ከተጠራጠሩ ጥቂት ጠብታ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጨምሩና ያማስሉ። ትክክለኛው የፍሬን ዘይት ይሟሟል። ላዩ ላይ ከተንሳፈፈ የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ገብቶበታል። ያኔ መቀየር ብቻ አይበቃም፦ የማዕድን ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጣል፣ ከማስተሩ ጀምሮ እስከ ጎማዎቹ ጎሚኒና የጎማ ቱቦ በሙሉ ይቀየራል። ምልክቱ መጀመሪያ የሚታየው በማጠራቀሚያው ክዳን ጎማ ላይ ነው፤ አብጦ አልገጥም ይላል።

ማስጠንቀቂያ

የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ ቢጠጣ መርዝ ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ አይጥረጉት፣ ወዲያው ብዙ ውሃ ያፍሱበት። አሮጌው የገባበትን ሃይላንድ «መርዝ» ብለው ይጻፉበትና ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ ሃይላንድ ያየ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ያነሳዋል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅዎን አያስገቡ። ፕሪየስን የመሰሉ ሃይብሪዶችና የኤሌክትሪክ መኪኖች ፍሬናቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ስለሆነ ዘይታቸው ማሽን ባለው ጋራዥ ይቀየር። «የኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን ብዙ አይጠቀምም» የሚለው ለፓዱ እውነት ነው፤ ዘይቱ ግን እርጥበት መሳቡን አይተውም።

አሠራር

1. ከአንድ ቀን በፊት ማስተንፈሻዎቹን ይፈትሹ። በየጎማው ጀርባ ያለችው ትንሿ ቡሎን በጭቃና በዝገት ትያዛለች፤ በተለይ የጢስ ዓባይን ወይም የዘጌን አቧራና ጭቃ በለመደ መኪና ላይ። በብሩሽ አጽድተው የዝገት መፍቻ ፈሳሽ ይርጩባትና ያሳድሯት። በማግሥቱ በቀለበት ቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ፈታ አድርገው መልሰው ያጥብቋት። አፉ ክፍት የሆነ ቁልፍ ጠርዟን ይበላል። እምቢ ካለች አይታገሏት፤ ከተቆረጠች ወጪው ወደ ካሊፐር ያድጋል። አራቱም መፈታታቸውን ሳያረጋግጡ ሥራውን አይጀምሩ።

2. ደረቅ ቀን ይምረጡ፣ ሜዳ ላይ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ። ክረምት ከሆነ ጣራ ሥር ይሥሩ። ማጠራቀሚያው ለሁለት ሰዓት መከፈቱ ብዙ አይጎዳም፤ የዝናብ ጠብታ ግን ይጎዳል። የኋላውን ሲያነሱ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ያግዱ፣ የፊቱን ሲያነሱ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ። መኪናው መደገፊያው ላይ ከማረፉ በፊት ጎማ አይፍቱ።

3. የማጠራቀሚያውን ዙሪያ ሳይከፍቱት በፊት ይጥረጉ። እዚያ ያለ አሸዋ ከገባ ማስተሩ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ከፍተው አሮጌውን በሲሪንጅ ይምጠጡ፣ ታች የቀረ ደለል ካለ በጨርቅ ያንሱ፣ በአዲስ ዘይት እስከ ማክስ ምልክት ይሙሉ። አሮጌው ከላይ ካልተወሰደ አዲሱ እየተበረዘ ጎማ ድረስ ይሄዳል፣ ሊትሩም አይበቃዎትም። በባዶ ማጠራቀሚያ ግን ፔዳሉን እንዳይነኩ።

4. ከማስተሩ በጣም ከራቀው ጎማ ይጀምሩ። መሪው በግራ ለሆነ መኪና የተለመደው ተራ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት ነው። አንዳንድ አምራቾች ሌላ ተራ ያዛሉ፤ መጽሐፉ ካለ እሱ ይቅደም። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የዞረለት መኪና ከሆነ ደግሞ ማስተሩ በየትኛው ወገን እንደተቀመጠ ኮፈኑን ከፍተው ይዩና ተራውን በዚያ ይወስኑ።

5. ቁልፉን ማስተንፈሻው ላይ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ቱቦውን ይሰኩ (ቱቦው ከቀደመ ቁልፉ አይገባም)። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጥቂት አዲስ ዘይት ባለበት ሃይላንድ ውስጥ ያጥልቁ። ጫፉ ዘይት ውስጥ ካልሰጠመ አየር ወደ ኋላ ይሳባል።

6. ከፔዳሉ ሥር እንጨቱን ያስቀምጡ። ሰው በግድ የለሽነት የሚያልፈው እርምጃ ይህ ነው። በየቀኑ ሲነዱ ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ብቻ ስለሚሄድ የማስተሩ የውስጥ ጫፍ ለዓመታት ሳይነካ ይዝጋል። እስከ ወለል ሲረገጥ ጎሚኒው ዝገቱ ላይ ይሄድና ይቆረጣል። ዘይት ቀይረው በማግሥቱ ማስተራቸው የተበላሸባቸው ሰዎች «ዘይቱ ነው ያበላሸው» የሚሉት ለዚህ ነው።

7. ከረዳትዎ ጋር ቃል ይስማሙ። «ያዝ!» ሲሉት ቀስ ብሎ እንጨቱ ድረስ ይረግጥና «ይዣለሁ» ይላል። እርስዎ ማስተንፈሻውን ግማሽ ዙር ይፈታሉ፣ ዘይቱ ይወጣል፣ ይዘጋሉ። ከተዘጋ በኋላ ብቻ «ልቀቅ!» ይበሉ። ቀድሞ ከለቀቀ አየር ይገባል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ፔዳሉን በፍጥነት መምታት አያስፈልግም፤ ዘይቱን ያናውጠዋል እንጂ አያፋጥንም። ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚለቅ ረዳት ከሆነ ቡና አፍልቶ እንዲመጣ ይላኩትና ሌላ ሰው ይፈልጉ።

8. ቱቦውን ይመልከቱ። መጀመሪያ የሚወጣው የጠላ መልክ አለው፣ አንዳንዴም ጥቁር ቅንጣት ይዞ ይመጣል። ከዚያ እየነጣ ሄዶ እንደ ብርዝ ይጠራል። ከጠራ በኋላ አረፋ ሳይታይ አምስት ጊዜ ይድገሙና ይዝጉ። ለመጀመሪያው የኋላ ጎማ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለሁለተኛው 150 ገደማ፣ ለፊቶቹ ለእያንዳንዳቸው 100 ገደማ ይበቃል። አዲሱና አሮጌው ዘይት ቀለማቸው ከተመሳሰለ መለያዎ ይህ መጠን ነው፤ ሃይላንዱ ላይ አስቀድመው መስመር ያስምሩ።

9. በየስድስት ወይም ሰባት ርግጫው ማጠራቀሚያውን ይሙሉ። ከሚን ምልክት በታች ወርዶ አየር ከሳበ ሥራው ይበላሻል፤ ኤቢኤስ ያለው መኪና ከሆነ አየሩ ፓምፑ ውስጥ ይገባና ያለ ማሽን አይወጣም።

10. ማስተንፈሻውን ያጥብቁ፣ ግን በልክ፦ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ በእጅ አንጓ ብቻ። የጎማ ኮፍያዋን ይመልሱ፤ ዝገቱን የምትከላከለው እሷ ናት። ዙሪያውን በውሃ ይጠቡና ያድርቁ። አራቱን ጎማ እንዲህ ይጨርሱ።

11. ማንዋል ማርሽ ያለው መኪና ፍሪሲዮኑም በዚሁ ዘይት የሚሠራ ከሆነ፣ ከካምቢዮው ጎን ያለችውን ማስተንፈሻውንም ይክፈቱ። ከተረሳች አሮጌው ዘይት እዚያው ይቀራል።

12. እስከ ማክስ ሞልተው ይዝጉ፣ እንጨቱን ከፔዳል ሥር ያንሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን ሦስት አራት ጊዜ ይርገጡና ለ30 ሰከንድ አጥብቀው ይያዙ። ድንጋይ የረገጡ ያህል መጠንከር አለበት። ቀስ እያለ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ወይም ማስተሩ ደክሟል። ከለሰለሰ አየር ቀርቷል፣ ከ4ኛው ይድገሙ። እንደረገጡ ሞተሩን ሲያስነሱ ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ይህ ሰርቮው (ሞተሩ ሲሠራ የእግርዎን ኃይል የሚያግዘው ክፍል) መሥራቱ ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

13. ጎማዎቹን ይግጠሙ፣ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ ያጥብቁ። ለብዙዎቹ የቶዮታ የቤት መኪኖች 103 ኒውተን ሜትር ነው። መጀመሪያ ባዶ ቦታ ላይ በእግር ርምጃ ፍጥነት፣ ቀጥሎ በ40 ኪሎ ሜትር ይሞክሩ። ከዚያ ወደ በዛዊት ኮረብታ ወጥተው ሲወርዱ ፔዳሉ እንደ መጀመሪያው መሆኑን ይመልከቱ። ተመልሰው አራቱን ማስተንፈሻ በእጅዎ ይዳስሱ፤ እርጥበት ካለ አልጠበቀም። አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ ይህን ሥራ በዋዜማው ምሽት አይሥሩት፣ ቢያንስ ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ ይንዱት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ማጠራቀሚያውን ብቻ መጥጦ መሙላት ዋነኛው ነው። ላዩ ይነጣል፣ የሚፈላው ግን ካሊፐር ውስጥ ያለው ነው፣ እሱም አልተነካም። በቱቦው የወጣውን ዘይት አጣርቶ መመለስም አለ፤ ማጣሪያ ውሃውን አያስቀርም። የፍሬን ክፍሎችን በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ ጎሚኒ ያሳብጣል። አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ መድፋት ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ጣና ወይም ዓባይ ውስጥ መድፋት ነው። ከተቃጠለ የሞተር ዘይት ጋርም አይደባልቁት፤ በክዳን ዘግተው ለብቻው ያስቀምጡ።

አዲስ ዘይትም ቢሆን በደጀን ቁልቁለት ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድን አይችልም። በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ 2፣ ኤል ወይም ቢ ላይ ያድርጉት። ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ ለአጭር ጊዜ ይዞ መልቀቅ፣ ለስለስ አድርጎ ሙሉ መንገድ ከመያዝ ይሻላል፤ በመሀል ይቀዘቅዛል። ፔዳሉ ከለሰለሰ ቶሎ ቶሎ ይርገጡት፣ ማርሹን ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ይሳቡ፣ ወደ ተራራው ጥግ ይጠጉ። ከቆሙ በኋላ ቢያንስ 40 ደቂቃ ያቀዝቅዙት። በጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አያፍሱ፤ ይጣመማል። ፔዳሉ ቢመለስም ያንን ዘይት ይዘው ዳገቱን ወጥተው ሌላ ቁልቁል አይጀምሩ።

ሥራው ካለቀ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በኋላ የጎማ ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ። ቁራጭ ፕላስተር ላይ «ጥቅምት 2018፣ ዶት 3፣ 84,000 ኪ.ሜ.» እንደሚባለው የራስዎን ቀን፣ የዘይት ዓይነትና ኪሎ ሜትር ጽፈው ኮፈኑ ሥር፣ ሙቀት በማያገኘው ቦታ ይለጥፉ።